ዕድሜና ጤና የጋራ አደራ ስለ መሆናቸው

በአገራችን ሰው ከሰው ጋራ ሲገናኝ አስቀድሞ የሚያነሣው የጤናን ነገር ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ይላል፤ በመንገድ ያገኘው ሰው ዘመዱም ቢሆን እንግዳም ቢሆን ይህን ቃል አይነፍገውም። መልካም ሥራ የሠራውን ሰው ሲያመሰግንም «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ብሎ ይመርቃል። ይህን ምርቃት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ያስተውልበታል። መጀመሪያው፥ ዕድሜ ብቻውን አለመለመኑ ነው፤ ጤና ያልተከተለው ዕድሜ ከባድ ሸክም መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበርና። ሁለተኛው፥ ማንም ሰው ይህን ምርቃት ለራሱ አለመናገሩ ነው። የሚመረቀው ሌላው ሰው ሆኖ ሳለ «ይስጥህ» ማለት ብቻ ሳይበቃ «ይስጥልን» ይባላል፤ የአንዱ ዕድሜና ጤና ለብዙዎች የሚተርፍ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህች አጭር ቃል አንድ ትልቅ ጥያቄ ይወለዳል። የአንድ ሰው ጤና የብቻው ገንዘብ ነውን? ወይስ ስለ ብዙዎች በእጁ የተቀመጠ አደራ ነው? እስከ ሽምግልና ድረስ ጤናን ጠብቆ ለመኖር መድከምስ ራስን ከመውደድ የሚመጣ ነው ወይስ ለባልንጀራ የሚከፈል ዕዳ? ይህን ጥያቄ ለመመርመር እንሞክራለን፤ ምሳሌያችንንም ከምዕራብ ኢትዮጵያ፥ ከጋምቤላ ምድር እንወስዳለን።

በዚህ ጕዳይ ሰዎች በሁለት ወገን ሲስቱ ይታያሉ። አንደኛው ወገን «ሥጋ ፈራሽ ነው፤ ቀኑ ከደረሰ መድኃኒት አያድን፥ ቀኑ ካልደረሰ በሽታ አይገድል» እያለ ሰውነቱን ይጥላል። ይህ አነጋገር እምነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የእምነት ልብስ የለበሰ ስንፍና ሆኖ ይገኛል። እንዲህ የሚለው ሰው «ቀኑ ከደረሰ እህሉ ይበቅላል» ብሎ ማሳውን ሳያርስ አይቀመጥምና። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሥጋውን እንደ ጣዖት ያገለግላል። በመስተዋት ፊት ሽበቱን እየቈጠረ ይጨነቃል፤ እርጅናን እንደ ነውር ይቈጥራል፤ «ወጣትነታችሁን እንመልስላችኋለን» ለሚሉ ነጋዴዎች ገንዘቡን ይገብራል።

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒዎች ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ሕይወትን የባለቤቷ የብቻ ንብረት ያደርጓታል። አንዱ «የራሴ ስለ ሆነች እጥላታለሁ» ይላል፤ ሌላው «የራሴ ስለ ሆነች ለራሴ ብቻ እጠብቃታለሁ» ይላል። አደራ የተቀበለ ሰው ግን ከሁለቱም ይለያል። አደራውን አይጥለውም፤ አይሰግድለትምም። በንጽሕና ይጠብቀዋል፤ ለተሰጠበት ጕዳይ ያውለዋል፤ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜም ያለ ቅሬታ ያስረክባል።

ይህ ነገር በቃል ብቻ እንዳይቀር በሥራ የተገለጠበትን አገር እንመልከት። ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከ550 ሜትር ስለማይበልጥ ሙቀቷ ለደጋ ሰው ይከብዳል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት መሠረት የንግድ ጣቢያ ሆና ስለ ነበር፥ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ሸቀጥ እያራገፉ ቡና ይጭኑባት ነበር። በክልሉ ውስጥ አኙዋ፥ ኑዌር፥ መዠንግር፥ ኦፖና ኮሞ የሚባሉት ሕዝቦች፥ ከደጋው ወርደው ከተቀመጡት ወገኖች ጋራ ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዳንዱ በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ አንዳንዱ ዓሣ ያጠምዳል፤ አንዳንዱ ከብቱን ውኃና ሣር ወዳለበት ያሰማራል። በዚያ ምድር የኑሮ መሠረቱ ውኃ ነው። ይሁን እንጂ ሕይወት የሚገኝበት ውኃ ደዌም ያመጣል።

ከእነዚህ ደዌዎች አንዱ የጊኒ ትል የሚባለው ነው። የትሉ እጭ በረጋ ኩሬ ውስጥ በሚኖሩ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት ያድራል። ሰው ያንን ውኃ ሳያጣራ በጠጣ ጊዜ እጩ ወደ ሰውነቱ ይገባና አንድ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ያድጋል። ከዚያም ርዝመቷ አንድ ሜትር ሊደርስ የሚችል ሴት ትል፥ አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል፥ ቆዳን በስታ ቀስ በቀስ ትወጣለች። ቍስሉ እንደ እሳት የሚያቃጥል ስለ ሆነ ሕመምተኛው እግሩን ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ለመንከር ይቸኵላል። እግሩ ውኃ በነካ ጊዜ ግን ትሏ ለቍጥር የሚያታክቱ እጮችን ትረጫለች፤ የአንዱ ሰው ዕረፍትም ለሚመጣው ዓመት የመንደሩ ሁሉ ደዌ ይሆናል።

ለዚህ ደዌ የሚፈውስ መድኃኒት የለውም፤ ክትባትም አልተገኘለትም። ሆኖም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ የነበረው ይህ ትል፥ በ2024 የተገኘው በ15 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ መጠጊያው ሆና የቈየችው ጋምቤላ ናት፤ በተለይም የአቦቦና የጎግ ወረዳዎች። በዚያው አቈጣጠር በ2020 በአገራችን 11 ሰዎች ታመው ነበር፤ በ2023 እና በ2024 ግን አንድም ሰው መታመሙ አልተመዘገበም። ትሉ በውሾችና በዝንጀሮዎች ላይም ስለሚገኝ ጥበቃው እንዲላላ አያስፈልግም።

መድኃኒት ሳይኖር ይህን ያህል ድል የተገኘው በምንድን ነው? የጤና ሠራተኞችና የመንደር ፈቃደኞች ሰውን ስላስተማሩ፥ ኩሬዎች በኬሚካል ስለ ታከሙ፥ ጕድጓዶች ስለ ተቈፈሩ ነው። ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ሁለት ትንንሽ ነገሮችን እንዲያደርግ ስለ ተጠየቀና ብዙው ሰው ስላደረገ ነው። አንደኛው፥ የሚጠጣውን ውኃ በስስ ጨርቅ ማጣራት ነው። ሁለተኛው፥ የታመመ ሰው እግሩን ወደ ኩሬ አለማግባት ነው። አንባቢ ሆይ፥ የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት አስተውል። ውኃውን የሚያጣራ ሰው ራሱን ያድናል። እየተቃጠለ ሳለ ከውኃ የሚርቅ ሰው ግን በዚያች ሰዓት ለራሱ አንዳች አያተርፍም፤ እንዲያውም ቀርቦለት የነበረውን ዕረፍት ይተዋል። የሚያድነው በሚመጣው ዓመት ከዚያ ኩሬ የሚጠጣውን፥ ምናልባትም ስሙን የማያውቀውን ልጅ ነው። በእኔ አሳብ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ ከዚህ ይልቅ የሚታይበት ሥፍራ ጥቂት ነው።

ከዚህ ምሳሌ ለሽምግልና ጤና ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው የጊዜ ነገር ነው። የጊኒ ትል ሰው ከጠጣበት ቀን አንሥቶ እስከ አንድ ዓመት ድረስ አይታይም። በሽምግልና የሚመጡት ደዌዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነቱ አንድ ዓመት ሳይሆን ሃያና ሠላሳ ዓመት መሸሸጋቸው ነው። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብንና አንጎልን፥ ኵላሊትንም ይጎዳል። የስኳር በሽታም ከታወቀበት ቀን አስቀድሞ ለብዙ ጊዜ በሥውር ሊቈይ ይችላል። ትንባሆ የሚስብ ሰው፥ በሲጋራም ይሁን በገጠር እንደ ተለመደው በጋያ፥ ዋጋውን የሚከፍለው በሳበበት ቀን አይደለም። ስለዚህ በስድሳ ዓመት የሚታየው ጤና በአብዛኛው በሠላሳ ዓመት የተዘራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ከዚህ የበለጠ የሚስማማው ሥፍራ የለም።

የሚጠየቀውም ነገር የጨርቁን ያህል ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጐልማሳ በቀን ከ5 ግራም የበለጠ ጨው እንዳይበላ፥ በሳምንትም ቢያንስ 150 ደቂቃ ያህል ሰውነቱን በመጠነኛ ድካም እንዲያሠራ ይመክራል። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑትም ከዚህ ምክር አልተለዩም፤ እንዲያውም እንዳይወድቁ ሚዛናቸውንና ጕልበታቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጨምሩ ተመክረዋል። ማሳውን የሚኰተኵት፥ መረቡን የሚጐትት የገጠር ሽማግሌ ይህን ሳያስበው ይፈጽመዋል። ለቅርብ መንገድ እንኳ ባጃጅ የሚጠራው የከተማ ሰው ግን እግሩን ገና በሠላሳ ዓመቱ ያስረጀዋል። እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ፥ ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜቱ ስለሚደክም፥ ሽማግሌው ሳይጠማውም ንጹሕ ውኃ እንዲጠጣ ማስታወስ፥ ፀሓይ በከረረ ጊዜም ጥላ ሥር እንዲያርፍ ማድረግ፥ በአልጋውም ላይ ከወባ ትንኝ የሚጠብቀውን አጎበር መዘርጋት የልጆቹ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ለምእመናን ልናሳስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሰው በፈቃዱ ከመብል መከልከልን ከልጅነቱ የተማረ እንደ ሆነ፥ ሆድ የሚጠይቀውን ሁሉ አለመስጠትን አስቀድሞ ስለ ለመደ፥ በሽምግልናው ሐኪም «ጨው ቀንስ፥ መጠጥ ተው» ሲለው አይደነግጥም። ስለዚህ ጾም ለሥጋም የመግዛት ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን በጾም ምክንያት የታዘዘላቸውን መድኃኒት የሚያቋርጡ አረጋውያን አሉ፤ ጸበል ስለ ጀመሩም ኪኒናቸውን የሚጥሉ አይታጡም። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛውንና አቅሙ የደከመውን አታስጨንቅም፤ እንዲህ ያለው ሰው የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ያማክር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል። ይህ ምክር ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመምተኛም ያገለግላል።

ሁለተኛው ትምህርት፥ የአንዱ ጤና በሌላው እጅ መሆኑ ነው። መንደርተኛው ሁሉ ውኃውን ቢያጣራ፥ አንድ ሰው ግን የቈሰለ እግሩን ኩሬ ውስጥ ቢነክር የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። የሽማግሌም ጤና እንዲሁ በብዙ እጅ የተያዘ ነው። በዚህ ረገድ በየቤታችን የምንሰማት አንዲት ቃል አለች፤ እርሷም «እርጅና ነው» የምትለው ናት። እናታችን ዐይኗ ሲፈዝ «እርጅና ነው» እንላለን፤ አባታችን ጆሮው ሲከብድ «እርጅና ነው» እንላለን፤ ሲረሳ፥ ሲያዝን፥ ሲወድቅ «እርጅና ነው» ብለን እንተወዋለን። እርግጥ ነው፥ እርጅና የሚያመጣው ድካም አለ። ነገር ግን በእርጅና ስም የሚተው ብዙ ነገር ሊታከም የሚችል ነው። የዐይን ሞራ ከዓለም የዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ሁሉ ዋናው ሲሆን፥ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በሌላ በሚተካ አጭር ቀዶ ሕክምና ብርሃን ይመለሳል። እንግዲህ ለሰርግና ለተዝካር ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ቤተ ሰብ እናቱን በጨለማ ትቶ «እርጅና ነው» ቢል፥ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የልጆች ቸልተኝነት ነው። ከሞተች በኋላ የሚወጣው ወጪ በሕይወት ሳለች ቢሆን ኖሮ የልጆቿን ፊት ባየችበት ነበር።

አሁን «ሽማግሌው ጤና ሆኖ ቢኖር ለምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ይህ ጥያቄ የሚያስደነግጥ ቢሆንም በዘመናችን በልብ የሚያስቡት ብዙዎች ናቸው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ በአገራችን የሚወለድ ሕፃን አማካይ የዕድሜ ተስፋው ከ40 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኗል። ይህ ማለት ያን ጊዜ ሽማግሌዎች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ ብዙ ሕፃናት ስለሚሞቱ አማካዩ ዝቅ ይል ነበር። ዛሬ ግን ከሕፃንነት አደጋ ተርፈው ወደ ሽበት የሚደርሱት ቍጥራቸው ይበዛል፤ ለምን እንደሚኖሩ ማሰብም የሁላችን ሥራ ሆኗል።

መልሱን ቋንቋችን ራሱ ያስተምረናል። በአማርኛ «ሽማግሌ» ማለት በዕድሜ የገፋ ሰው ማለት ነው፤ ደግሞም የተጣሉትን የሚያስታርቅ ሰው ማለት ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ሲይዝ፥ ዕድሜ የተሰጠው ለማስታረቅ ነው የሚል ፍርድ በውስጡ አለበት። ይህም አሳብ የአማርኛ ተናጋሪ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ በሱዳን በኩል ያሉትን ኑዌሮች አጥንቶ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የነብር ቆዳ ስለሚለብስ አስታራቂ ጽፏል። ነፍስ የገደለ ሰው ወደዚህ አስታራቂ ቤት ሸሽቶ ይጠጋል፤ አስታራቂውም የጕማው ከብት ተከፍሎ ደም እስኪደርቅ ድረስ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳል። ይህ ሰው ወታደር የለውም፥ ወኅኒም የለውም፤ ያለው መከበሩና ትዕግሥቱ ብቻ ነው። በግጦሽና በመሬት፥ በጎሣም ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ብዙ ደም በፈሰሰበት በጋምቤላ ክልል፥ እንዲህ ያለ ሰው ከመንደር መንደር የሚሄድበት እግር፥ የሁለቱንም ወገን ክስ የሚሰማበት ጆሮ፥ የቀድሞውን ውል የማይረሳ ልቡና ቢኖረው፥ ይህ ጤና የማን ሀብት ነው? የሚያስታርቃቸው ወገኖች ሀብት ነው።

እንደዚሁም በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደ ጋምቤላ የገቡትን ስደተኞች እናስብ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺሕ ያህል ነበር፤ በክልሉ የተጠለሉት ስደተኞችም ከ300 ሺሕ በላይ ደርሰዋል። ከእነርሱ መካከል እናትና አባት የጠፉባቸውን የልጅ ልጆች ይዘው የተቀመጡ አያቶች አሉ። እንዲህ ያለች አሮጊት ብትታመም የምትታመመው አንዲት ነፍስ ብቻ አይደለችም፤ ምድጃው ይጠፋል፥ ልጆቹም ይበተናሉ። የእርሷን ጤና የሚጠብቅ ሰው ሦስትና አራት ልጆችን ይጠብቃል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን የማይሠራ ሽማግሌ ዋጋ የለውም ወደሚል ክፉ አሳብ እንዳንወድቅ እንጠንቀቅ። ውኃውን ሲያጣራ ኖሮ በሌላ ደዌ የሚታመም ሰው አለ፤ በልክ ሲበላና ሲጠጣ ኖሮ ገና በሃምሳ ዓመቱ የአልጋ ቍራኛ የሚሆን አለ። ጤና አደራ ነው ብለናል፤ አደራም ያለ ጠባቂው ጥፋት ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ የታመመውን «ጥፋትህ ነው» ልንለው አይገባም። ለአልጋ ቍራኛው ሽማግሌም ሥራ አልጠፋለትም፤ ይኸውም ያለ ኀፍረት መረዳት ነው። ብዙ አረጋውያን «ሸክም ሆንሁባችሁ» እያሉ ያለቅሳሉ። ዳሩ ግን ልጆቻቸውን አዝለው ባሳደጉበት ጊዜ እነዚያ ልጆች ሸክም ነን ብለው አላፈሩም፤ እናትም ስለዚያ ሸክም አልተጸጸተችም። ሰው በሰው ሲሸከም ኖሮ በሰው ተሸክሞ ያልፋል። እርዳታን በምስጋና የሚቀበል ሽማግሌ ልጆቹን ርኅራኄ ያስተምራል፤ ይህን ትምህርት እንደ እርሱ አድርጎ የሚያስተምር የለም።

ከዚህ በኋላ የእያንዳንዱን ድርሻ ማወቅ አያስቸግርም። ወጣቱ ገና ሳይታይ የሚያድገውን ደዌ ዛሬ ይከልክል። ጐልማሳው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የደም ግፊቱን ይለካ፤ ወላጆቹንም ይዞ ይሂድ፤ «እርጅና ነው» ብሎ ከመተዉ በፊት ሐኪም ይጠይቅ። ሽማግሌው በተቻለው መጠን ይንቀሳቀስ፥ ያስተምር፥ ያስታርቅ፤ ሲደክምም ይረዳ። ማኅበርተኛውና ዕድርተኛው ደግሞ አረጋዊ አባሉን ለቀብሩ ቀን ብቻ አይጠብቀው፤ በሕይወቱ ሳለ በሩን ያንኳኳ። በአሜሪካ የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ1938 ጀምሮ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ከወጣትነት እስከ እርጅና ሲከታተሉ ቈይተው፥ ለጤናማ ሽምግልና ከሚረዱት ነገሮች ዋናው ከቤተ ሰብና ከወዳጅ ጋራ በመልካም መኖር መሆኑን ገልጠዋል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እየተባልን ያደግን ነንና። አዲስ የሚሆነው ብንሠራበት ነው።

እንግዲህ በአጠገባችን ያለ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አረጋዊት ሳናስብ አንቀርም። በዚህ ሳምንት ውስጥ ሄደን ዐይናቸው እንዴት እንደ ሆነ፥ መድኃኒታቸው አልቆ እንደ ሆነ፥ የሚጠጡት ውኃ ንጹሕ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ያን ጊዜ ከቤታቸው ስንወጣ የሚመርቁን ምርቃት በእኛም በእነርሱም ላይ ይደርሳል። አምላካችን ለአረጋውያን ዕድሜን ከጤና ጋራ፥ ለወጣቶችም አስተዋይ ልቡና ይስጥልን፤ አሜን።